የሸፋርታክ ጥያቄ፦ ቢቸና፣ ሞጣና የ1933ቱ የጎጃም ዘመቻ

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናት በኮሎኔል ሳቬሪዮ ማራቬንታኖ የሚታዘዘው የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ በደጀን በኩል ወደ አባይ ወረደ። በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች፣ መድፍና መትረየስ፣ የስንቅ ጭነት፣ ቁስለኞች፣ የአስካሪዎቹ (የቅኝ ወታደሮቹ) ሚስቶችና ልጆች ሁሉ በአንድ መንገድ ተሰልፈው ነበር። ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት ጉዞ እንደነበር አይጠፋውም። ከደጀን ደጋ እስከ ሸፋርታክ መሻገሪያ ድረስ መንገዱ በገደሉ ወገብ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጥቂት ተኳሾች ብዙ ሠራዊት ሊያጉላሉበት የሚችሉበት ቦታ ነው። ከመንገዱ በስተሰሜን ያለው የቢቸና ምድር ደግሞ ለዓመታት የበላይ ዘለቀ አርበኞች መናኸሪያ ሆኖ የቆየ ነበር። ጦሩ ግን ብዙም ሳይጎዳ አባይን ተሻገረ።

ለምን ተሻገረ? በዘመቻው የተካፈሉ የእንግሊዝ መኮንኖች የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ የጎጃሙ መስፍን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በላይን በጋብቻ ተስፋ አባብለው አስቀሯቸው ይላሉ። የበላይን ስም ከፍ አድርጎ የሚያወሳው የአገሩ ትውስታ በበኩሉ ሸፋርታክን እምብዛም አያነሣም። በእኔ እምነት ሁለቱም ጉዳዩን ሳይመረምሩ አልፈውታል። የጎጃም ዘመቻ ከመነሻው ሁለት ዓላማ ይዞ የተጓዘ የትብብር ዘመቻ ነበር። አንደኛው ወገን የጠላትን ሠራዊት መደምሰስ ይፈልግ ነበር፤ ሌላው አገሩን ማስለቀቅና ከዚያ በኋላ ማን እንደሚገዛው ማወቅ ይፈልግ ነበር። እስከ ደብረ ማርቆስ በር ድረስ ሁለቱ ዓላማዎች አንድ መንገድ ተጉዘዋል። ሸፋርታክ ላይ ተለያዩ። ይህን ለማሳየት ከዘመቻው ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከቢቸናና ከሞጣ መጀመር ያስፈልጋል።

ሁለቱ ከተሞች በጮቄ ተራራ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ተዳፋት ላይ ያሉ የደጋ ገበያዎች ናቸው። ሁለቱም ጀርባቸውን ለጮቄ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ አባይ በረሃ አዙረዋል። ቢቸና ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጎን ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ይዛለች፤ ሜዳው ካለቀበት ወደ ወሎው ቦረናና ወደ አማራ ሳይንት የሚያሻግር ቆላ ይጀምራል። ሞጣ ደግሞ የጎጃምና የበጌምድር መተላለፊያ ናት። በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ከሞጣ ወደ እስቴ የሚወስደውን መንገድ በአባይ ላይ ያሻግር ነበር፤ የተሰበረውም በዚያው በወረራው ዘመን ነው። እንዲህ ባለ አገር ከተማን መያዝና አገርን መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደጋው ላይ ምሽግ የሠራ ጦር ቀን ቀን ገበያውን ያያል፤ ሌሊት ቆላው የሌላ ነው።

ጣሊያኖች ይህን የተረዱት በ1930 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ሲገቡ የጠበቃቸው ተቃውሞ ደካማ ነበር፤ ምክንያቱም በሸዋ መንግሥትና በጎጃም መሳፍንት መካከል የቆየ ቅሬታ ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ክስ በ1924 ዓ.ም. ታስረው ግዛታቸው ለራስ እምሩ ተሰጥቶ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ራስ እምሩ ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተው ሳለ የራስ ኃይሉ የወንድም ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከኋላ ተነሡባቸው። ጠላትም ይህን ቁስል ተጠቅሞ በቀላሉ ገባ። ብዙ ሳይቆይ ግን የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን አስረክብ ተባለ። ለዚያ ዘመን ገበሬ ጠመንጃ የርስቱ ዋስ፣ የወንድነቱ ምስክር፣ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት ነበር። ትጥቅ ማስፈታቱ የታወቁ ሰዎችን ከመግደልና ቤት ከማቃጠል ጋር ተያይዞ መጣ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከአባይ ማዶ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋም በየገዳሙና በየደብሩ ተሰማ፤ የጎጃም ካህናት ከዚያ በኋላ ስለ ጣሊያን የሚነግሩት ምእመን ማስረጃ አላጣም።

በ1930 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ጎጃም ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። በዳሞትና በአገው ምድር ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በሞጣ አካባቢ የደጃዝማች ገሠሠ ወንድም የሆኑት ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በረሃ በላይ ዘለቀ አርበኞቻቸውን አሰለፉ። በጄኔራል ኡጎ ካቫሌሮ የተመራው የማጽዳት ዘመቻ ብዙ ሻለቃ ጦርና አውሮፕላን አሰልፎ መንደሮችን አወደመ፤ ሆኖም የተረፈው ውጤት በየከተማው የታጠረ ምሽግ ነው። ከዚያ ወዲህ የጣሊያን ግዛት በጎጃም ማለት ከሽቦው አጥር መትረየስ እስከሚደርስበት ድረስ ማለት ሆነ። ከምሽግ ወደ ምሽግ የሚሄድ ስንቅ በብዙ ጠባቂ ታጅቦ ይሄዳል፤ ዛፍ ቆርጦ የሚመለስ ጭፍራ ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ለጣሊያን ቢሮ የሚሠሩ፣ ገበያ የሚሸጡ፣ ጠላ የሚጠምቁ ሰዎች የጦሩን ቁጥርና የጉዞውን ቀን ወደ ጫካ ይልኩ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈው ከሥራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው፤ በተለይ ስለ ሴቶቹ።

በላይ ዘለቀን ከሌሎቹ የጎጃም መሪዎች የሚለያቸው አንድ ነገር ለኋለኛው ታሪክ ወሳኝ ነው። ኃይሉ በለው የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ናቸው፤ መንገሻና ነጋሽም የሹመትና የትውልድ መሠረት ነበራቸው። በላይ ግን በልጅነታቸው አባታቸው የተገደሉባቸው፣ ከጠላት በፊትም ሸፍተው የኖሩ፣ በጉልበታቸውና በሰው አያያዛቸው ብቻ የወጡ ሰው ናቸው። አባ ኮስትር በሚለው የፈረስ ስማቸው የሚታወቁት እኚህ ሰው ለተከታዮቻቸው ከፊታውራሪ እስከ ራስ ድረስ ማዕረግ ይሰጡ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ብዙዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን ከባድ የፖለቲካ ትርጉም አየዋለሁ፤ ሹመት ከቤተ መንግሥት በሚመነጭበት አገር ከገበሬ ወገን የወጣ ሰው በራሱ ሥልጣን ሹመት ሲሰጥ አዲስ ሥርዓት መሥርቷል ማለት ነው። ጠላት እስካለ ድረስ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። ጠላት ሲወጣ ግን መጠየቁ አይቀርም ነበር፤ በላይም ይህን አያጡትም። በእሳቸውና በኃይሉ በለው መካከል የነበረው ፉክክር ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ሁለቱም አንድ አካባቢ ይፈልጉ ነበር፣ አንዱ በዘር መብት፣ ሌላው በደም ዋጋ።

የውጭው ትብብር የደረሰው በዚህ ላይ ነው። አርበኞቹ ከጣሊያን የዓለም ጦርነት መግባት በፊትም ከውጭ ጋር ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር፤ በ1931 ዓ.ም. ሎሬንሶ ታእዛዝ በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ገብቶ ሁኔታውን አጥንቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ነግሯል። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ለአራት ዓመት በስደት የተረሱት ኃይለ ሥላሴ በአንድ ጊዜ አስፈላጊ ሰው ሆኑ፤ ወዲያውም ወደ ካርቱም መጡ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ሚስዮን 101 የተባለውን አነስተኛ ቡድን ይዞ ድንበር ተሻገረ። ሳንድፎርድ በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የኖረ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ጥይት ማከፋፈል አልነበረም። የቆየ ቂም የነበራቸውን መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን አስታርቆ በጋራ እንዲሠሩ ማስማማት ነበር። የዘመቻው ቀሪ ታሪክ በሙሉ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ነው ብል አላጋነንሁም።

ኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን ሰከላ አጠገብ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር ተማከረ። ዊንጌት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአረቦች ዐመፅ የታየውን፣ ወርቅ እየከፈሉ ጎሣዎችን ማሰለፍን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ለእሱ አርበኛ የሚነሣው በገንዘብ አይደለም፤ በፊቱ የሚዋጋ፣ ትንሽ ነገር ግን ዲሲፕሊን ያለው ጦር ሲያይ ነው። በዚህ እምነት ጌድዮን ኃይል ተቋቋመ። የሱዳን መከላከያ ኃይል የድንበር ሻለቃ በሂዩ ባውስቴድ አዛዥነት፣ በኬንያ ከተጠለሉ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን የተመለመለው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ እንዲሁም ኦፕሬሽናል ሴንተር የተባሉ አነስተኛ ቡድኖች ነበሩበት። ሁሉም ተደምሮ ከ2,000 ሰው ብዙም አይበልጥም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው ድንበር ተሻገሩ፤ በወሩ መጨረሻ በላያ ተራራ ደረሱ። ስንቅ የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ ከሱዳን ሜዳ ወደ ደጋው ሲወጡ በመንገድ አለቁ። ጆርጅ ስቲር ያዘጋጀው ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣና በየቦታው የተበተነው አዋጅ ከጣሊያን ጋር የነበሩትን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወታደሮች ልብ ከፈለ።

ወደ ደብረ ማርቆስ የተደረገው ግስጋሴ በብዙ መጻሕፍት ስለተተረከ እዚህ ላይ አላረዝመውም። ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወደ ባሕር ዳር ሸሹ፤ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቀቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሸሺው ጦር ጨረቃ ወንዝ ላይ 2ኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ አገኘውና በዘመቻው ከታዩት ሁሉ የከፋ ውጊያ ተደረገ። የጣሊያን ጦር ከብዙ ኪሳራ በኋላ ሰንጥቆ አለፈ፤ የኢትዮጵያውያኑም ጉዳት ከባድ ነበር። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ የባውስቴድ ወታደሮች ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ባለው ጉሊት ሸንተረር ላይ ሌሊት ሌሊት እየሾለኩ በእጅ ቦምብና በጩቤ ምሽጎችን አሸበሩ። ከእነሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው የከተማው ጦር የተከበበ መሰለው። ይህ መስሎት ብቻ አልነበረም፤ ከደብረ ማርቆስ ምሥራቅና ሰሜን ባለው ገጠር በነበሩ አርበኞች ለሦስት ዓመት በእርግጥ ተከብቦ ነበር። የዊንጌት ብልሃት ፍሬ ያፈራው አርበኞች ቀድመው ባረሱት መሬት ላይ ነው። የእንግሊዝ ትረካዎች ይህን የሚጠቅሱት በመግቢያቸው ነው፤ መጠቀስ የነበረበት ግን የድሉ ምክንያት በሚተነተንበት ቦታ ነው።

በደብረ ማርቆስ የነበረው ሌላው ኃይል ራስ ኃይሉ ናቸው። ጣሊያኖች የጎጃም ነገር ከእጃቸው ሲወጣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ መልሰው በአባታቸው አገር ሾሙ። ብልህ እርምጃ ነበር፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ራስ ኃይሉ በእድሜያቸው የገፉ፣ በዳኝነትና በሰው ማወቅ የተካኑ፣ ከየባላባቱ ቤት ጋር በጋብቻ የተሳሰሩ ሰው ነበሩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በርካታ ሰው አሰባስበው ቆሙ፤ ለየመሪው ደብዳቤ ላኩ። ለጣሊያን ተዋጉ ለማለት ይቸግራል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ላይም የከፈቱት ከባድ ጦርነት የለም። የሚጠብቁት ማን እንደሚያሸንፍ ነበር። ጣሊያኖች ሲወጡ ከተማዋ በእሳቸው እጅ ቀረች፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡና ራስ ኃይሉ በፊታቸው ቀርበው ገቡ።

ከዚህ በኋላ የሸፋርታክን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ዊንጌት ጣሊያኖች ወደ አባይ እንደሚሸሹ ገምቶ ዊልፍሬድ ቴሲገርን ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ በላይ ዘለቀ ላከ። አዲስ አበባ ተወልዶ የልጅነት ዘመኑን በኢትዮጵያ ያሳለፈው ቴሲገር በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ቢቸና ላይ ቀናት እንዴት እንደባከኑ፣ በላይም እንዴት ዛሬ ነገ እያሉ እንዳዘገዩት በምሬት ይተርካል። በመጨረሻ ሸፋርታክ ላይ ጠላትን የጠበቁት ካፒቴን ፎሊና ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በፈንጂና በተኩስ የቻሉትን ጉዳት አደረሱ። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ማብራሪያ ራስ ኃይሉ ለበላይ ልጃቸውን ሊድሩላቸው ቃል ገቡ የሚል ነው።

የጋብቻው ወሬ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም። በዚያ ዘመን ጋብቻ የፖለቲካ ውል መፈረሚያ ነበርና ራስ ኃይሉ ይህን ቢያቀርቡ አያስደንቅም። የሚያጠራጥረኝ ወሬው ብቻውን በቂ ምክንያት ተደርጎ መወሰዱ ነው። አምስት ዓመት በረሃ የኖሩ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለጠላት ያልገቡ ሰው በአንድ ደብዳቤ ተታለሉ ማለት ሰውየውን አለማወቅ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ምን ነበር ብሎ ከመጠየቅ በፊት በዚያ ሳምንት በላይ ፊት ምን ምርጫ ነበር ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የወታደራዊ ጉዳዩን በመጀመሪያ ልየው። የአርበኛ ውጊያ መምታትና መሰወር ነው። ጥይት የሚቆጠር፣ ስንቅ ከየቤቱ የሚመጣ፣ ጦሩም እርሻው ሲደርስ የሚበተን ነበር። መድፍና መትረየስ ያለውን ጦር መንገድ ዘግቶ ማስቆም ሌላ ዓይነት ጦርነት ነው። ይህ ግን የቦታውን አመቺነት አያስክድም፤ በገደሉ አናት ላይ ሆኖ ጦሩን ማድማት በረሃውን እንደ እጃቸው መዳፍ ለሚያውቁ ሰዎች ከአቅም በላይ አልነበረም። ስለዚህ አቅም ማነስን ዋነኛ ምክንያት የሚያደርግ መከራከሪያ አያሳምነኝም።

ዋናው ጉዳይ ዓላማ ነው። ለዊንጌት ማራቬንታኖ ቢያመልጥ ሌላ ቦታ የሚዋጋ ጦር አመለጠ ማለት ነበር። ለቢቸና ገበሬ ግን ጠላት ከአገሩ ሲወጣ ያ ድል ነው። የሚወጣን ጠላት ለማስቀረት ለምን ይሞታል? የእንግሊዝ መኮንኖች ይህን ጥያቄ የጠየቁ አይመስለኝም። አርበኛውን የራሱ ጦርነት እንዳለው ወገን ሳይሆን የራሳቸው ዘመቻ ክንፍ አድርገው ቆጠሩት። በላይን ደግሞ ማን ነው የሚያዛቸው? ዊንጌት አዛዣቸው አልነበረም። ሳንድፎርድ በመንገሻና በነጋሽ መካከል የሠራውን የማስማማት ሥራ በቢቸናና በሞጣ የሠራ ሰው የለም፤ ተልእኮው ምዕራቡን ይዞ ቆየ፣ ምሥራቁ የተፈለገው ጠላት በዚያ ሊያልፍ ሲል ነው። በችኮላ የመጣ አንድ ወጣት መኮንን ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተገነባ ውል በቀናት ውስጥ ሊገነባ አይችልም።

ሌላው ደግሞ የነገው ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እየመጡ ነበር፤ ሹመትም ከእሳቸው ጋር እየመጣ ነበር። ጎጃምን ማን ይይዛል? የንጉሥ ልጅ የሆኑት ራስ ኃይሉ ወይስ የንጉሥ የልጅ ልጅ የሆኑት ኃይሉ በለው? ሁለቱም አንድ ቤት ናቸው። ከዚህ ቤት ውጭ ለቆመው ለበላይ በዚያ ሳምንት ጦራቸውን ሸፋርታክ ላይ ማስጨረስ ነገ ለድርድር የሚቀርቡበትን ብቸኛ ሀብት ማባከን ይሆን ነበር። ከራስ ኃይሉ ጋር መዛመድ በትውልድ የተነፈጋቸውን ሊሰጣቸው ይችል ነበር። እንዲህ ማሰብ ክህደት አይባልም። የሚነቀፍ ነገር የለውም ግን አልልም፤ ጦሩ አምልጦ ለሌላ ሰባት ሳምንት ያህል ተዋግቷልና። ከአባይ ማዶ በደራና በወግዲ በኩል ተሳድዶ አጊባር ላይ በዊንጌት፣ በራስ ካሣና በሌሎች አርበኞች ተከብቦ ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ በሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። ከ1,000 በላይ ጣሊያኖችና በሺህ የሚቆጠሩ ቅኝ ወታደሮች የተማረኩበት ይህ ድል ሸፋርታክ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነፍስ በተረፈ። ይህ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ነገር ግን ሚዛኑ ላይ በላይን ብቻ ሳይሆን ዘመቻውን ያቀዱትንም ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሞጣ ለዚህ ክርክር ተቃራኒውን ምስክርነት ትሰጣለች። የሞጣ ምሽግ ጦር ደብረ ማርቆስ ከተለቀቀች በኋላ ተነጥሎ ቀረ። በስተደቡብ ጮቄ፣ በስተሰሜን አባይ፣ በዙሪያው የጎጃም አርበኞች ናቸው፤ መሄጃ አልነበረውም። ባውስቴድ በሚያዝያ ወር ከድንበር ሻለቃው የተወሰኑ ወታደሮች ይዞ የጮቄን ተራራ አቋረጠ። ከሱዳን ሙቀት የመጡ ወታደሮች ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በበረዶና በዝናብ ያደረጉት ጉዞ ባውስቴድ በኋላ በጻፈው ትዝታ ከውጊያው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ሞጣ ሲደርሱ ምሽጉ ብዙ ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። በመዛግብት ላይ የሞጣ መማረክ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንንና የጥቂት ሱዳናውያን ሥራ ሆኖ ተጽፏል። ሱዳናውያኑ ጀግኖች ነበሩ፤ ስማቸውም በኢትዮጵያ ታሪክ ከሚነገረው በላይ ሊነገር ይገባል። ይሁንና አንድ ምሽግ ለትንሽ ጦር በቀላሉ የሚገባው ቀድሞ መውጫ ሲያጣ ነው፤ መውጫውን የዘጉት ደግሞ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አካባቢ የሞቱና የተዋጉ ሰዎች ናቸው። ቢቸና ላይ መንገድ አልዘጉም ተብለው የተወቀሱት አርበኞች ሞጣ ላይ መንገድ ስለዘጉ አልተመሰገኑም።

ከተማን መልሶ በመያዝ ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ በገቡበት በዚያው መጋቢት 28 ቀን የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባ ገባ። እንግሊዞች ግን ለጣሊያን ሲቪሎች ደኅንነት እንሰጋለን ብለው ንጉሠ ነገሥቱን ለሳምንታት ጎጃም ላይ አቆዩአቸው፤ ዋና ከተማቸው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ፓሪስ ስትለቀቅ ተባባሪዎቹ የፈረንሳዩ የጄኔራል ለክሌርክ ክፍለ ጦር ቀድሞ እንዲገባ ፈቅደዋል፤ ለኢትዮጵያ ይህ አልተፈቀደም። የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ ያሰበውን ነገር እስከ ጥር 1934 ዓ.ም. ስምምነት ድረስ ማየት ለዚህ በቂ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ከሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የተለየች ናት፤ ነፃ ወጥታ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በራሱ ስም የገባባት የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ናት። ይህን ያስቻለው ጎጃም ውስጥ የነበረው ኃይል በአብዛኛው የኢትዮጵያውያን መሆኑ ነው።

ከነፃነት በኋላ የሆነው ነገር የበላይን ስጋት መሠረት የሌለው እንዳልነበር ያረጋግጣል። ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ጎጃምን ያዙ፤ በላይ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን አገኙ፣ ያም ከቀድሞ ተፎካካሪያቸው በታች። በሁለቱ መካከል የነበረው ቅራኔ አደገ፤ በላይ ሲጠሩ አልሄድም አሉ፣ ሶማ ተራራ ላይ ተከብበው ተያዙ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለውጦላቸው ሳለ ለማምለጥ በመሞከራቸው ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋር ተሰቀሉ። የአርበኛውና የባላባቱ ልጅ በአንድ ቀን መሰቀላቸው ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ነጋሽ በዛብህም በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ተከስሰው ታሰሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተነሣው የጎጃም ገበሬ ዐመፅ ከበረታባቸው አካባቢዎች ሞጣና ቢቸና ቀዳሚዎቹ ነበሩ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከባቸው። በ1933 ዓ.ም. ያልተመለሰው ጥያቄ፣ ማለትም ደሙን አፍስሶ አገር ያስለቀቀ ገበሬ ከነፃነቱ ምን ድርሻ አለው የሚለው፣ በአንድ ትውልድ ልዩነት በዚያው መሬት ላይ ተመልሶ ተነሣ።

ስለ ዘመቻው ያለን ጽሑፍ ሚዛኑ ያዘነበለ ነው። የዊልያም አለን ትረካ ገና ጦርነቱ ሳያልቅ በ1943 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የባውስቴድና የቴሲገር ትዝታዎች፣ የዴቪድ ሽሬፍ ሰፊ ጥናት ተከትለዋል። ሥልጠነ ሥዩም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጎጃም ተጋድሎ ያዘጋጀው የዶክትሬት ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሠሩት ሥራዎች ዋነኛው ነው፤ በአማርኛ ታትሞ ለሰፊው አንባቢ ቢደርስ ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር። በበላይ ወገን ሆኖ ስለ ሸፋርታክ በጊዜው የተጻፈ ሰነድ ግን የቴሲገርን ያህል በሰው እጅ አልገባም። የጎጃም አርበኞች በጸሐፊ ደብዳቤ ያጽፉ ነበር፤ ማኅተምም ነበራቸው። ከእነዚህ ደብዳቤዎች የተረፉ በየቤተሰቡ ሳጥን፣ በዲማ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያምና በሞጣ ጊዮርጊስ ዕቃ ቤቶች ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የአርበኞቹ ልጆች ራሳቸው አርጅተዋል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይህን ሥራ ተባብረው ቢይዙት፣ አንባቢም በእጁ ያለውን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የሰማውን ቃል ለማስመዝገብ ቢተባበር፣ ስለ ሸፋርታክ የሚሰጠው ፍርድ የሁለቱንም ወገን ቃል የሰማ ይሆናል። ሥራው ጊዜ አይሰጥም፤ ዛሬ ይጀመር።